ለጎንደር ቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሲመረጥ፦ ከከሰል ማንደጃ እስከ ኤሲ

ኅዳር ሲገባ በጎንደር የማሞቂያ ጠያቂ ይበዛል፤ የካቲት ሲጋመስ ደግሞ ያው ጠያቂ ፊቱን ወደ ቬንትሌተር ያዞራል። ገዢው ከሱቁ ገብቶ የሚያየው ካርቶን ላይ የታተመ ዋት፣ ቢቲዩ (የኤሲ አቅም መለኪያ) እና ዋጋ ነው፤ ከሻጩ የሚሰማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ይኼኛው ጠንካራ ነው» የሚል ምስክርነት ነው። ሁለቱም ለውሳኔ አይበቁም። መሣሪያው የሚገባበት ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራና መብራት ሲዳከም ምን እንደሚሆን ካልታወቀ ጠንካራውም ደካማውም ያው ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይወርዳል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የቀትሩ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። አዘዞ ከመሀል ከተማው ዝቅ ያለ ስለሆነ ትንሽ ይሞቃል። ለገዢው ከእነዚህ ቁጥሮች ይልቅ የሚጠቅመው ግን ብርዱም ሙቀቱም ቀኑን ሙሉ አለመዝለቁ ነው። የጥምቀት ሰሞን ሌሊቱን ጋቢ የሚያስደርበው ቅዝቃዜ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ይለቃል፤ በሚያዝያ ቀትር ያስጨነቀው ሙቀት ደግሞ ሌሊቱ ሲገፋ ብርድ ልብስ በሚያስፈልግ አየር ይተካል። በመሆኑም እዚህ የሚገዛ መሣሪያ በቀን የሚሠራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ቤቱን የሚያሞቀውም የሚያቀዘቅዘውም ጣሪያው፣ ኮርኒሱ፣ ግድግዳውና መስኮቱ ነው። ይህ ጽሑፍ መሣሪያዎቹን የሚመዝነው ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ደኅንነት ነው። መሣሪያው ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ ያለ ተቆጣጣሪ ሊሠራ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል።

ሁለተኛው የሚፈጀው ኃይል ነው። ይህን ለማስላት የመሣሪያውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ይበቃል፤ የሚገኘው ቁጥር ቆጣሪው የሚመዘግበው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ወጪውን በብር ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው፤ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ዛሬ የሚጻፍ ብር ከጥቂት ወራት በኋላ አንባቢውን ያሳስታል። ኪሎዋት ሰዓቱን ወስዶ በመጨረሻው ወር ክፍያ ላይ ባለው ዋጋ ማባዛት ይሻላል። ታሪፉ በፍጆታ እርከን የተከፈለ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ በወር 100 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በማሞቂያ ምክንያት ሌላ 120 ቢጨምር፣ ክፍያው ከእጥፍ ትንሽ አልፎ የሚቆም ሳይሆን ከዚያም በላይ የሚያድግ ነው።

ሦስተኛው መብራት ሲጠፋና ኃይል ሲዋዥቅ የመሣሪያው ጠባይ፣ አራተኛው ደግሞ ከቤቱና ከተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር መግጠሙ ነው። የመግዣ ዋጋና የጥገና ነገር በአምስተኛ ደረጃ ይመጣል። ዋጋውን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥነው ቀላል ስለሆነ ሳይሆን፣ ገዢዎች ከእሱ ጀምረው ሌላውን ሁሉ ስለሚረሱት ነው።

ከመሣሪያው በፊት፦ ቆርቆሮው፣ ኮርኒሱና ሽንቁሩ

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በላይ ትቆማለች። ይህ ደግሞ የዓመቱ ሞቃት ወቅት ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ቤቱን በዋናነት የሚያግለው በመስኮት የሚገባው ጨረር ሳይሆን ቆርቆሮው ላይ የሚያርፈው ነው። ኮርኒስ በሌለው ቤት ቆርቆሮው ራስ ላይ እንደተገለበጠ ምጣድ ሆኖ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል፤ በዚህ ሁኔታ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቬንትሌተር ቢከፍትም የጋለ አየር ከማንቀሳቀስ ያለፈ አያገኝም። በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከውጭው አየር ራሱ በታች ይቀዘቅዛል፣ ቤት ውስጥ የተመረተው ሙቀትም ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ይጠፋል።

ለሁለቱም ችግር መፍትሔው አንድ ነው፦ ኮርኒስ። ከቺፑድ ወይም ከጂፕሰም የተሠራ ኮርኒስ በቆርቆሮውና በክፍሉ መካከል አየር አስቀርቶ ሙቀቱ በቀላሉ እንዳያልፍ ያደርጋል። አቅም ካልፈቀደ የተወጠረ አቡጀዲም ቢሆን ከባዶ ቆርቆሮ በብዙ ይሻላል። ኮርኒስ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍተት አየር ማግኘት እንዳለበት ነው፤ በሁለቱ የጣሪያ ጎኖች ላይ አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ ከተተወ፣ በቀን ከቆርቆሮው ሥር የሚጠራቀመው የጋለ አየር ይወጣል። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም መቀባትም ብዙ ጨረር ይመልሳል፤ ቀለሙ ግን በዝናብና በአቧራ ስለሚያረጅ በየጊዜው መታደስ ይኖርበታል።

ግድግዳውም የራሱ ድርሻ አለው። የፋሲል ግቢን አዳራሾች ቀትር ላይ የጎበኘ ሰው ውስጣቸው ከውጭው ቀዝቀዝ ብሎ ያገኛል፤ በድንጋይና በኖራ የተሠራው ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማሳለፍ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድበት ነው። በጭድ ተቦክቶ በወፍራሙ የተመረገ የጭቃ ቤትም በመጠኑ ይህንኑ ጠባይ ይይዛል። ባለ ሃያ ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግን ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ በተለይ ወደ ምዕራብ የዞረው ግድግዳ ከቀትር በኋላ የጠጣውን ሙቀት ሰው እቤት በሚገባበት በምሽቱ ሰዓት ይለቀዋል። በምዕራብ በኩል ጥላ የሚሆን ዛፍ፣ በረንዳ ወይም ከመስኮቱ ውጭ የሚንጠለጠል ሸራ ያለው ቤት ከሌለው ቤት በግልጽ ይለያል። ከውስጥ የሚንጠለጠል መጋረጃ ግን ጨረሩ መስተዋቱን አልፎ ከገባ በኋላ ስለሚያገኘው ጥቅሙ ውስን ነው።

የብርዱ ዋና መግቢያ ሽንቁር ነው። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ነፋሻማ በሆነ ምሽት አንድ ዕጣን ለኩሶ በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ክፈፍና ግድግዳው ከቆርቆሮው በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ በዝግታ ማዘዋወር ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ቦታው ደህና ነው፤ ወደ ጎን ከተጋደመ ወይም ከተበተነ ብርዱ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። በበሩ ሥር የሚጠቀለል ጨርቅ፣ በመስኮቱ ክፈፍ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅና በጠርዙ ላይ የሚመረግ ሲሚንቶ ከአንድ ማሞቂያ ዋጋ በታች የሚያልቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ የሚደፍን ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ከሰል እንዳያስገባ ማስጠንቀቅ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይመጣል።

ማሞቂያዎቹ

*የከሰል ማንደጃ።* በከተማው ውስጥ ከሁሉም በላይ የተለመደው ማሞቂያ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ለማሞቂያነት ተብሎ አይቀጣጠልም፤ ለቡና የተያያዘው ከሰል ቡናው ካለቀ በኋላ «ቤቱን ያሙቀው» ተብሎ ይተዋል፣ ልጆች ሲተኙም ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። መብራት አይጠይቅም፣ ኃይል ሲጠፋ አይቆምም፣ ማንደጃውም ርካሽ ነው። በደኅንነት መመዘኛ ግን ሙሉ በሙሉ ይወድቃል።

በስፋት የሚነገረው «ጭሱን ጨርሶ ከቀላ አይጎዳም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ጭሱ የሚጠፋው በከሰሉ ውስጥ የቀረው ጥሬ እንጨት ስላለቀ ብቻ ነው፤ የቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ማመንጨቱን ይቀጥላል፣ አመድ ለብሶ በረመጥ ሲከርምም አያቆምም። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሂሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ጥንካሬ ስለሆነ፣ ጥቂት መጠን እንኳ ለሰዓታት ሲተነፈስ ሰውነትን ያፍናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን እነዚህን ሳያውቃቸው ከእንቅልፍ ወደ ራስን መሳት ይሻገራል። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ከሌላው ይበልጥ ይጎዳሉ። ምልክቱ የታየበትን ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ በርና መስኮት መክፈትና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማሽተት በደም ውስጥ የገባውን ጋዝ አያወጣም።

«መስኮት ከፍቼ እጠቀማለሁ» የሚል ሰው ሌላ ነገር ያስላ። አደጋውን ለመቀነስ የሚበቃ መስኮት ከተከፈተ ሙቀቱም አብሮ ይወጣል፤ መስኮቱ ከተዘጋ ሙቀቱ ቢቀርም ጋዙም ይቀራል። ስለዚህ ከሰል ርካሽ የሚመስለው አደጋውን ከሒሳብ ውጭ በማድረግ ብቻ ነው። ለቡና በሩ ተከፍቶ ወይም በረንዳ ላይ መጠቀሙ ይቀጥል፤ ከመኝታ በፊት ግን ማንደጃው ከነፍሙ ከቤት ውጭ ማደር አለበት። በረንዳው የተዘጋ ከሆነ እሱም እንደ ክፍል ይቆጠራል።

*የኤሌክትሪክ ሂተር ዓይነቶች።* ስለ እነዚህ በቅድሚያ መታወቅ ያለበት አንድ እውነት አለ፦ ባለ ዘንጉም፣ ባለ ማራገቢያውም፣ ዘይት ያለውም የወሰዱትን ኃይል ወደ ሙቀት የሚቀይሩት በእኩል ደረጃ ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት በየትኛውም ቢያልፍ የሚሰጠው ሙቀት ያው ነው። በካርቶኑ ላይ «ኃይል ቆጣቢ» ተብሎ የተጻፈበት ሂተር ቆጣቢ የሚሆነው ዋቱ አነስተኛ ከሆነ ወይም ሙቀቱ ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋ ቴርሞስታት ካለው ብቻ ነው። ልዩነቱ ሙቀቱን በምን መንገድ ለሰው እንደሚያደርሱት ነው።

ባለ ዘንጉ፣ ቀልቶ የሚያበራው ዓይነት፣ ሙቀቱን በጨረር ወደ ፊት ይልካል። አየሩን ለማሞቅ ሳይጠብቅ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ስለሚያሞቅ፣ ሽንቁሩ በበዛና ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ለሚያጠና ተማሪ ወይም ለሚሰፋ ሰው 800 ወይም 1,000 ዋቱ ይበቃል። ጉድለቱ የጋለው ዘንግ ልብስን፣ መጋረጃንና የሕፃንን እጅ የማይለይ መሆኑ ነው። ከአልጋና ከመጋረጃ ቢያንስ በአንድ ሜትር ርቆ መቀመጥ፣ ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ መሆኑም ሱቅ ውስጥ ተዘቅዝቆ መሞከር አለበት። ሰው ተኝቶ እያለ አይሠራም።

ባለ ማራገቢያው ትንሽ ክፍልን በፍጥነት ያሞቃል፤ ሕፃን ከመታጠቡ በፊት ለሩብ ሰዓት መክፈት ዓይነተኛ አገልግሎቱ ነው። በድምፁና በሚያነሣው አቧራ ምክንያት ለረጅም ጊዜ አይመችም።

ዘይት ያለው ራዲያተር ከሦስቱ ዘገምተኛው ነው። ክፍሉ ሞቅ ማለቱ እስኪታወቅ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ነገር ግን የጋለ ዘንጉ አይታይም፣ ቴርሞስታት አለው፣ መብራት ድንገት ቢጠፋም ዘይቱ የያዘውን ሙቀት ለጥቂት ጊዜ መስጠቱን ይቀጥላል። ኮርኒስ ላለውና ሽንቁሩ ለተደፈነ መኝታ ክፍል፣ በተለይ አረጋዊ ወይም አራስ ላለበት ቤት የሚመከረው ይህ ነው። ክፍቱ በበዛ ቤት ውስጥ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ማለዳ ላይ ውጤቱ አይታይም። ልብስ እንዲደርቅበት ላዩ ላይ መዘርጋት በክረምት የሚያጓጓ ቢሆንም የእሳት አደጋ ስላለው አይደረግም።

ለወጥ የተሠራውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ለማሞቂያነት መክፈት በብዙ ቤት ይታያል። ሽቦው የተጋለጠ፣ ቴርሞስታትም ሲወድቅ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም የሌለው ስለሆነ ከንጽጽሩ አውጥተነዋል።

*በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ።* ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ እንደ ከሰሉ አየር ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የውሃ ተን ወደ ክፍሉ ስለሚለቅ፣ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ለከፋ ቤት ጭራሽ አይመከርም።

*ሰውየውን ማሞቅ።* ክፍሉን ትቶ ሰውየውን ማሞቅ የድህነት መፍትሔ ተደርጎ ይታያል፤ በቁጥር ሲታይ ግን አሸናፊው እሱ ነው። ጋቢና ቡሉኮ ወጪ የላቸውም። በሙቅ ውሃ የሚሞላ የጎማ ከረጢት በጨርቅ ተጠቅልሎ በእግር በኩል ቢገባ አልጋውን ለሰዓታት ያሞቃል። የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ የሚወስደው ከ60 እስከ 100 ዋት ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ የሚፈጀው ባለ 1,500 ዋት ሂተር በግማሽ ሰዓት ከሚፈጀው ኃይል ብዙም አይርቅም። ታጥፎ እንዳይሠራ፣ ሽንት ለማይቆጣጠር ሕፃን ወይም ራሱን መርዳት ለማይችል በሽተኛም እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ያሻል።

*ኤሲ ለማሞቂያ።* ኤሲ የሚያሞቅ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የሚያሞቀው ዓይነት ሙቀትን ከውጭው አየር ሰብስቦ ወደ ውስጥ ስለሚያሸጋግር፣ ለወሰደው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሦስት ያህል ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። የውጭው ብርድ ሲከፋ ይህ ብልጫ ይቀንሳል፤ 10 ዲግሪ ግን ለኤሲ ቀላል ብርድ ስለሆነ በጎንደር ሌሊት በደንብ ይሠራል። ሁሉም ኤሲ ስለማያሞቅ ከመግዛት በፊት «ሙቅና ቀዝቃዛ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤሲውን ለማሞቂያ ብቻ ብሎ መግዛት ግን በዓመት ሁለትና ሦስት ወር በቀን ጥቂት ሰዓት ለሚሠራ ዕቃ ወጪውን አይመልስም።

ማቀዝቀዣዎቹ

የጎንደር ሌሊት ነጻ ማቀዝቀዣ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በተቃራኒ አቅጣጫ ያሉ ሁለት መስኮቶችን ከፍቶ ማሳደር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መዝጋትና መጋረጃ መጣል ቀትሩን ያለሰልሳል፤ ብዙ ቤት የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፣ «አየር ይግባ» ብሎ ቀትር ላይ ይከፍትና ሌባን ፈርቶ ማታ ይዘጋል። የመስኮት ብረትና ወንፊት ማሠራት ስለዚህ ከማቀዝቀዣ ወጪ ውስጥ መቆጠር አለበት።

ቬንትሌተር ከ40 እስከ 75 ዋት ይወስዳል። የክፍሉን ሙቀት አይቀንስም፤ ላቡን ከቆዳ ላይ ስለሚያተን ነው ሰው የሚቀዘቅዘው። ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ተከፍቶ መተው በመሆኑም ጥቅም የለውም። ማታ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ አንዱ መስኮት ላይ ቢቀመጥና ሌላው መስኮት ቢከፈት፣ የጋለውን አየር እየገፋ ቀዝቃዛውን ስለሚስብ ከሌላው አጠቃቀሙ ሁሉ ይህ ይበልጣል። በባትሪና በሶላር የሚሠራው ትንሹ ዓይነት መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ይስማማል።

በውሃ የሚሠራው ኤር ኩለር ነፋሱን በረጠበ ወንፊት ውስጥ አሳልፎ ያቀዘቅዛል። አየሩ ደረቅ በሆነ መጠን ስለሚበረታ፣ ለጎንደር የበጋ ወራት በባሕርይው የተመቸ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ አይሠራም፣ ግን ያን ጊዜ የሚፈልገውም የለም። ሁለት ነገር ያዙታል። አንደኛ፣ በሰዓት ሊትሮች የሚቆጠር ውሃ ስለሚጠጣ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና በበርሜል በሚጠራቀምበት ቤት ከማጠቢያና ከመጠጥ ጋር ይሻማል። ሁለተኛ፣ መስኮት ካልተከፈተ እርጥበቱ እየተጠራቀመ ክፍሉን ያፍነዋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው «ኤሲ ነው» ተብሎ ሸጠውለት በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

ኤሲ ከሁሉም በላይ ያቀዘቅዛል፤ ለመኖሪያ ቤት ግን በጎንደር የመጨረሻ አማራጭ ነው። የሚገዛ ከሆነ ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ የሚያስተካክለው ኢንቨርተር የተባለው ዓይነት ይመረጥ። ከ15 እስከ 20 ካሬ ሜትር ለሆነ ክፍል በተለምዶ 9,000 ወይም 12,000 ቢቲዩ ይበቃል ይባላል፤ በእኛ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ የመሣሪያው አቅም በመጠኑ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በሁለት መጠኖች መካከል የሚያመነታ ሰው ከፍ ያለውን ይያዝ። መቆጣጠሪያውን 18 ላይ ማድረግ ክፍሉን በፍጥነት አያቀዘቅዘውም፤ ከ24 እስከ 26 ማድረግ ለሰውም ለቆጣሪም ይስማማል። በበጋው አቧራ ምክንያት ወንፊቱ ቢያንስ በወር አንዴ መታጠብ አለበት። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ኤሲ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

ኃይል ሲዳከምና መስመሩ ሲከብደው

ማታ ማታ ሂተሩ «አልሞቀም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ይወቅሳል። የሂተር ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር በእኩል አይወርድም፤ 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ወደ 180 ሲወርድ 2,000 ዋት የተባለው ሂተር የሚሰጠው ወደ 1,340 ዋት ብቻ ነው። ሂተሩ በዚህ አይበላሽም፣ ቆጣሪውም የሚቆጥረው የወሰደውን ያህል ነው። ኤሲ ግን በዝቅተኛ ቮልቴጅ ኮምፕረሰሩ እየታገለ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል፤ ያለ ስታብላይዘር (የሚዋዥቀውን ቮልቴጅ ከሚያስተካክለው መሣሪያ) መግጠም አይገባም። መብራት ሄዶ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ሳይቆዩ ማስነሣት ጥሩ አይደለም።

ባለ 2,000 ዋት ሂተር 9 አምፔር ገደማ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ለብቻው ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚወስድ፣ ሁለቱ አብረው ሲበሩ ብሬከሩ ቢወርድ ሥራውን እየሠራ ነውና በትልቅ ብሬከር ማስቀየር አይፈቀድም። ሂተር በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰካ፤ ለስልክና ለቴሌቪዥን የተገዛ ቀጭን ማከፋፈያ ይህን አይችልም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሂተሩን አጥፍቶ ፕለጉን በእጅ መንካት ቀላል ምርመራ ነው፤ ለብ ያለ ምንም አይደለም፣ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ሶኬቱ ላልቷልና ባለሙያ ሳይቀይረው በዚያ ላይ ዳግም አይሰካም።

ሁሉንም በአንድ ዓይን

በወር የሚፈጀው የተሰላው በ30 ቀን ነው፤ የራስዎ ሰዓት የተለየ ከሆነ በዚያው መጠን ያስተካክሉት።

| አማራጭ | ኃይል | በቀን | ኪሎዋት ሰዓት በወር | መብራት ሲጠፋ | ደኅንነት |
|---|---|---|---|---|---|
| የከሰል ማንደጃ | የለውም | ማታ ማታ | 0 | ይሠራል | ለመኝታ ክፍል የተከለከለ |
| ባለ ዘንግ ሂተር | 1,000 ዋት | 3 ሰዓት | 90 | ይቆማል | ነቅቶ ለሚጠብቅ ሰው ብቻ |
| ባለ ማራገቢያ ሂተር | 2,000 ዋት | 1 ሰዓት | 60 | ይቆማል | ለአጭር ጊዜ |
| ዘይት ያለው ራዲያተር | 1,500 ዋት፣ በቴርሞስታት ሁለት ሦስተኛ | 4 ሰዓት | 120 | ጥቂት ያቆያል | ጥሩ |
| የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ | 80 ዋት | 8 ሰዓት | 19 | ይቆማል | በጥንቃቄ ጥሩ |
| ኢንቨርተር ኤሲ፣ ለሙቀት | 600 ዋት በአማካይ | 3 ሰዓት | 54 | ይቆማል | ጥሩ |
| ቬንትሌተር | 60 ዋት | 8 ሰዓት | 14 | በባትሪ የሚሠራ አለ | ጥሩ |
| ኤር ኩለር | 150 ዋት | 6 ሰዓት | 27 | ይቆማል | ጥሩ፣ ውሃ ይፈልጋል |
| ኤሲ፣ ለቅዝቃዜ | 800 ዋት በአማካይ | 5 ሰዓት | 120 | ይቆማል | ጥሩ፣ ስታብላይዘር ይፈልጋል |

ለማን የትኛው?

በግቢ ውስጥ አንድ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር፣ ቆጣሪው ከአከራዩና ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ ለሆነበት ሰው፣ ትልቅ ሂተር የጠብ ምክንያት ነው። ሽንቁሩን ደፍኖ፣ ማንደጃውን ውጭ አሳድሮ፣ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ወይም የሙቅ ውሃ ከረጢት ቢይዝ ብርዱን ይወጣል፤ ለሙቀቱ አንድ ቬንትሌተር ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ ብርድ ልብሱን ከመግዛቱ በፊት ወሩ 19 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑን ለአከራዩ በቁጥር ቢያሳይ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ይድናል።

የራሱ ቤት ላለው ግን ገንዘቡ ውስን ለሆነ ቤተሰብ ምክራችን አያሻማም፦ የመጀመሪያው ብር ለኮርኒስ ይዋል። ኮርኒሱ ካለ ደግሞ ለምዕራብ ጥላና ለመስኮት ብረት። ሂተር የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙዎች ትንሹ እንደሚበቃቸው ይደርሱበታል።

አራስ፣ አረጋዊ ወይም የመተንፈሻ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ዘይት ያለውን ራዲያተር በአንድ ክፍል ብቻ ያድርግ፣ ከሰል ደግሞ ለቡናም ቢሆን ከዚያ ክፍል ይራቅ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከላይና ከታች ጎረቤት ስላለው ብርዱ ይቀልለታል፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለው የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ግን በሚያዝያ እንደ ማንኛውም ባለ ቆርቆሮ ቤት ይቆጠር።

ኤሲ በእርግጥ የሚያዋጣው ለጥቂቶች ነው፦ ለእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ለሚቀመጥበት ቢሮ፣ ኮምፒውተር ለሚበዛበት ክፍል። እነሱም ቢሆኑ ሁለቱንም የሚሠራውን ኢንቨርተር ከስታብላይዘር ጋር በአንድ በጀት ይያዙ፤ ከመክፈላቸው በፊትም መለዋወጫውንና ጋዙን ጎንደር ውስጥ የሚሞላ ባለሙያ መኖሩን በስልክ ሳይሆን በአካል ሄደው ያረጋግጡ።